ታሪክ ሲጻፍ ዕቅድ ይቀድማል ወይስ ብዕር? ከካምፓላ ደራሲያንና ፊልም ሠሪዎች ተሞክሮ

በአውሮፓውያኑ 1960 ኬንያዊው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ካምፓላ በሚገኘው የማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበሩ። አንድ ቀን ‘ፔንፖይንት’ በተባለው የተማሪዎች የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ዝግጅት ይሳተፉ የነበሩትን ጆናታን ካሪያራን አግኝተው አጭር ልቦለድ መጻፋቸውን፣ እንዲያነቡላቸውም እንደሚሹ ነገሯቸው።

የተጻፈ ነገር ግን አልነበረም። ቃሉ አንዴ ከአፍ ከወጣ በኋላ መጻፍ ግድ ሆነ። ንጉጊ ይህንን ገጠመኝ ከዓመታት በኋላ ለአጫጭር ልቦለዶች መድበላቸው በጻፉት መግቢያ ላይ አስታውሰውታል። በዚያ አጋጣሚ የተወለደው ታሪክ በመጽሔቱ ላይ ታተመ፤ ኋላም ‘ሙጉሞ’ በሚል ርዕስ በመድበሉ ውስጥ ተካተተ።

ገጠመኙ ደራሲያን ዘወትር የሚከራከሩበትን ጥያቄ ያስነሳል። አንድ ታሪክ ከመጻፉ በፊት መነሻው፣ መድረሻውና የገጸ ባሕርያቱ ዕጣ ተነድፎ ማለቅ አለበት? ወይስ ብዕር አንስቶ ታሪኩ ወደሚመራበት መከተል ይሻላል?

ጥያቄው የስልት ብቻ ሊመስል ይችላል። ጊዜ፣ ገንዘብና የኤሌክትሪክ ኃይል እንደልብ በማይገኝበት ስፍራ ግን የአንድን ታሪክ መኖር አለመኖር ሊወስን ይችላል። ሁለቱንም መንገዶች ስታስተናግድ የኖረችው ካምፓላ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት።

አርክቴክቱና አትክልተኛው

አሜሪካዊው ደራሲ ጆርጅ አር. አር. ማርቲን ጸሐፊያንን በሁለት ይከፍሏቸዋል። አርክቴክት የሚሏቸው የቤቱን ንድፍ ጨርሰው ካልሳሉ የመጀመሪያዋን ድንጋይ የማያስቀምጡት ናቸው። አትክልተኞቹ ደግሞ ዘሩን ይተክላሉ፣ ውኃ ያጠጣሉ፤ ቅርንጫፉ ወዴት እንደሚዘረጋ ግን አብረው የሚያዩት ሲያድግ ነው።

ብሪታኒያዊቷ ጄ. ኬ. ሮውሊንግ ከመጀመሪያው ጎራ ይመደባሉ። ለአምስተኛው የሃሪ ፖተር መጽሐፍ በእጃቸው ያሰመሩት ሠንጠረዥ እያንዳንዱ ምዕራፍ በየትኛው ወር እንደሚውልና የትኛው ንዑስ ታሪክ የት ላይ እንደሚነሳ ያሳያል። በአንጻሩ ስቲፈን ኪንግ በ2000 ባሳተሙት ስለ ጽሕፈት በሚያወሳው መጽሐፋቸው፣ ታሪክ ከመሬት ተቆፍሮ እንደሚወጣ ቅሪተ አካል ነው የሚል እምነታቸውን አስፍረዋል። የጸሐፊው ሥራ ሳይሰብረው ማውጣት እንጂ አስቀድሞ ቅርጹን መወሰን አይደለም።

ሁለቱም መንገዶች ዋጋ ያስከፍላሉ። ንድፉን የሙጥኝ ያለ ጸሐፊ ገጸ ባሕርያቱ ከተፈጥሯቸው ጋር የሚጋጭ ነገር እንዲያደርጉ ሊያስገድዳቸው ይችላል፤ አንባቢም የደራሲውን እጅ ያያል። ያለ ንድፍ የጀመረው ደግሞ መሀል መንገድ ላይ መውጫው ይጠፋዋል። ራሳቸውን ከአትክልተኞቹ የሚመድቡት ማርቲን አምስተኛውን ቅጽ በ2011 ካሳተሙ ወዲህ ስድስተኛው አንባቢያንን ከአሥር ዓመት በላይ አስጠብቋል።

ማኬሬሬ፦ ቀነ ገደብ የወለዳቸው ልቦለዶች

ንጉጊ ከአጭር ልቦለዱ በኋላ ወደ ረጅሙ የተሸጋገሩትም በቀነ ገደብ ተገፋፍተው ነበር። የምሥራቅ አፍሪካ የሥነ ጽሑፍ ቢሮ ላወጣው የልቦለድ ውድድር ‘ጥቁሩ መሲሕ’ የሚል ርዕስ የሰጡትን ረቂቅ ጻፉ። ይህ ሥራ ግን ወዲያው አልታተመም። ቀድሞ ለኅትመት የበቃው ከእርሱ ቀጥሎ የተጻፈው ነው።

በሰኔ 1962 በማኬሬሬ የአፍሪካ ደራሲያን ጉባኤ ሲካሄድ ናይጄሪያዊው ቺኑዋ አቼቤ ከተሳታፊዎቹ አንዱ ነበሩ። ተማሪው ንጉጊ የሁለተኛ ልቦለዳቸውን ረቂቅ ለአቼቤ ሰጡ። አቼቤም አንብበው ለአሳታሚ አቀረቡት፤ መጽሐፉም በ1964 ‘አታልቅስ፣ ልጄ’ እንደማለት ባለው የእንግሊዝኛ ርዕሱ ወጣ። የመጀመሪያው ረቂቅ ርዕሱ ተቀይሮ፣ ታሪኩም ተከልሶ የታተመው በቀጣዩ ዓመት በ1965 ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። በጥድፊያ የተጻፈው ረቂቅ በጥድፊያ አልታተመም። በመጀመሪያው ጽሑፍና በመጨረሻው መጽሐፍ መካከል ዓመታት፣ አርታኢዎችና ክለሳ አሉ። አስቀድሞ ያልተሠራው ዕቅድ በኋላ ተሠርቷል ማለት ነው።

ዋካሊጋ፦ ክለሳ የማይፈቅድ ኮምፒውተር

ለክለሳ የሚሆን ጊዜና ዕቃ በማይኖርበት ጊዜ የሚሆነውን ለማየት ከማኬሬሬ ኮረብታ ወርዶ ድሆች ወደሚኖሩበት ወደ ዋካሊጋ ሰፈር መሄድ ያሻል። ቀድሞ ጡብ በመሥራት ይተዳደሩ የነበሩት አይዛክ ናብዋና በ2005 የመሠረቱት ራሞን የፊልም ድርጅት የሚገኘው እዚሁ ነው። ዓለም ዛሬ ‘ዋካሊውድ’ ሲል ያውቀዋል።

በ2010 የወጣው ‘ካፒቴን አሌክስን ማን ገደለው?’ የተሰኘው የድብድብ ፊልማቸው 200 ዶላር ገደማ እንደፈጀ ይነገራል። ተዋናዮቹ በጎ ፈቃደኞች፣ መሣሪያዎቹ ከቁርጥራጭ ብረት የተሠሩ፣ ፊልሙ የተቀናበረበት ኮምፒውተርም ከአሮጌ ዕቃ የተገጣጠመ ነበር። በዚህ ሁኔታ ዕቅድ ሊኖር ቢችል እንኳ በዕለቱ ለተገኘው ሰውና ለተገኘው ዕቃ መገዛቱ አይቀርም።

የፊልሙ ዕጣ ግን ከአሠራሩ ይበልጥ አስገራሚ ነው። ናብዋና ለቀጣዩ ሥራቸው በኮምፒውተሩ ላይ ቦታ ለማግኘት ሲሉ ዋናውን ቅጂ መሰረዝ ነበረባቸው። ዛሬ በሕይወት የሚገኘው ብቸኛ ቅጂ ቪጄ ኤሚ የተባሉት ተራኪ በላዩ ላይ እየቀለዱ፣ ተዋናዮቹን እያሞካሹና እያሾፉ የተናገሩበት ነው። ተቀርጾ የተቀናበረው ፊልም ለብቻው ጠፍቶ፣ በላዩ ላይ የተደረበው ትረካ ይዞት ተሻገረ። ፊልሙ በ2015 በዩቲዩብ ሙሉ በሙሉ ሲለቀቅ በሌላው ዓለም ያሉ ተመልካቾች ይበልጥ የወደዱትም ይህንኑ ድምፅ ነው።

ከናብዋና ፊልሞች ሌላው ‘ክሬዚ ወርልድ’ በ2019 በቶሮንቶ ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል ታይቷል።

የ‘ቪጄ’ዎቹ ፈጠራ በእርግጥ ዝግጅት አልባ ነው?

ቪዲዮ ጆከር ወይም በአጭሩ ቪጄ የሚባሉት ተራኪዎች በኡጋንዳ የቆየ ሙያ አላቸው። በሉጋንዳ ‘ኪባንዳ’ በሚባሉት፣ አግዳሚ ወንበር በተደረደረባቸው ጠባብ ቪዲዮ ቤቶች የሆሊውድንም ሆነ የሕንድን ፊልም በሉጋንዳ እየተረጎሙ ያስኮመኩማሉ። ትርጉሙ ቃል በቃል አይደለም። ባዕዱ ገጸ ባሕርይ የካምፓላ ስም ይወጣለታል፣ የሠፈር ወሬ ይጨመርበታል፣ ዝም ያለው ትዕይንት በቀልድ ይሞላል። በኢትዮጵያ ትርጉም ፊልሞችን የለመደ ተመልካች ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። በጃፓንም ፊልም ድምፅ ባልነበረው ዘመን ‘ቤንሺ’ የሚባሉ ተራኪዎች ተመሳሳይ ሥራ ይሠሩ ነበር።

ለተመልካቹ ይህ ሁሉ እንደመጣ የሚወረወር ይመስላል። ስለ ቃል ፈጠራ የተደረጉ ጥናቶች ግን ሌላ ያሳያሉ። አሜሪካውያኑ ሚልማን ፓሪና አልበርት ሎርድ በ1930ዎቹ በዩጎዝላቪያ የገጠር አዝማሪዎችን ሲያጠኑ፣ ረጃጅም ተረኮችን እዚያው እያዜሙ የሚፈጥሩት ባለሙያዎች በቃላቸው ያጠኑት የተዘጋጀ ግጥም እንደሌላቸው ተረዱ። የነበራቸው በልምድ ያካበቱት የሐረግ፣ የትዕይንትና የታሪክ ቅርጽ ክምችት ነበር።

ኡጋንዳዊው የቋንቋ ምሁር ፒዮ ዚሪሙም ‘የቃል ሥነ ጽሑፍ’ የሚለው አጠራር እርስ በርሱ ይጋጫል በሚል ‘ኦራቸር’ የሚለውን ቃል የፈጠሩት፣ በቃል የሚፈጠረው ጥበብ የጽሑፍ ታናሽ ሳይሆን የራሱ ሥርዓት ያለው መሆኑን ለማመልከት ነው።

የኢትዮጵያ የቅኔ ቤት ይህንን በሚገባ ያስረዳል። ቅኔ ለዕለቱ የሚዘረፍ፣ አንዴ ከተባለ የማይደገም አዲስ ፈጠራ ነው። ሆኖም ባለቅኔው ማሕሌት ላይ ከመቆሙ በፊት ዓመታትን አሳልፏል። ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነስቶ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ የየቅኔውን ልክ ይማራል፤ ለብቻው ተቀምጦ ይቆጥራል፤ የቆጠረውንም ለመምህሩ ነግሮ ይታረማል። ያ ሁሉ ዝግጅት የተከናወነው ግጥሙ ከመፈጠሩ በፊት ነው፤ የተሰናዳው ግን ባለቅኔው እንጂ ቅኔው አይደለም።

ንድፍ ግድ የሚሆንበት ሥራ

ሁሉም ሥራ እንዲህ ዓይነት ነፃነት አይሰጥም። በርካታ ባለሙያ የሚሳተፍበት ፊልም በየቀኑ ለሠራተኛ፣ ለመኪና፣ ለምግብና ለኪራይ ይከፈልበታል። በልቦለድ 200ኛው ገጽ ላይ ሐሳብን መቀየር የሚያስከፍለው ቀለምና ትዕግሥት ነው። በቀረጻው አሥረኛ ቀን ሐሳብን መቀየር ግን ፊልሙን ሊያስቆመው ይችላል። ገንዘብ የሚሰጡ ተቋማትም ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት የታሪኩን ጭምቅ ሐሳብ፣ ስክሪፕቱንና በጀቱን ነው።

ትውልደ ሕንዳዊቷ ዳይሬክተር ሚራ ናየር በ2004 በካምፓላ የመሠረቱት ማይሻ የፊልም ማሠልጠኛ ይህንን ክፍተት ለመሙላት የታለመ ነበር። ከኡጋንዳ፣ ከኬንያ፣ ከታንዛኒያና ከሩዋንዳ የሚመጡ ወጣቶች በአንጋፋ ባለሙያዎች እየታገዙ ስክሪፕታቸውን የሚያዳብሩበት ስፍራ ሆነ። ናየር በ2016 የወጣውንና የአንዲት ካምፓላዊት ታዳጊን የቼዝ ሕይወት የሚተርከውን ‘የካትዌ ንግሥት’ን በዚያው ከተማ ቀርጸዋል።

በልቦለዱ ዓለምም ግዙፍ መዋቅር ያላቸው ሥራዎች አሉ። ካምፓላ የተወለዱት ጄኒፈር ናንሱቡጋ ማኩምቢ የጻፉት ‘ኪንቱ’ በ1750 በቡጋንዳ መንግሥት ከደረሰ እርግማን ተነስቶ በ2004 በካምፓላ እስከሚኖሩ ዘሮች ይዘልቃል፤ በስድስት ክፍሎችም ተዋቅሯል። መጽሐፉ እዚህ ለመድረስ አሥር ዓመት ገደማ ፈጅቷል። በብሪታንያ አሳታሚ አጥቶ ቆይቶ፣ በ2013 ናይሮቢ የሚገኘው ‘ክዋኒ’ ያዘጋጀውን የረቂቅ ልቦለድ ውድድር አሸንፎ በቀጣዩ ዓመት ታተመ።

ያለቀለትን መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ሥርዓቱን ያያል። ያ ሥርዓት በመጀመሪያው ሳምንት ይነደፍ ወይም ከአምስተኛው ክለሳ በኋላ ይገኝ ግን ገጹ አይናገርም። ብዙ ጀማሪዎችን የሚያሳስተውም ይኸው ነው፤ የተጠናቀቀውን ሥራ ጥራት አይተው ደራሲው ከመነሻው ሁሉንም ያውቅ የነበረ ይመስላቸዋል።

ክርክሩ ስለ ጊዜ ነው

በድንገት የተጻፈ ሥራ ሲነሳ ዘወትር ስማቸው የሚጠራው አሜሪካዊው ጃክ ኬሩዋክ ናቸው። ‘መንገድ ላይ’ እንደማለት የሆነውን ልቦለዳቸውን በሚያዝያ 1951 በሦስት ሳምንት ውስጥ፣ 36 ሜትር ገደማ በሚረዝም የተቀጣጠለ ወረቀት ላይ በታይፕ ጽፈውታል። ከዚያ በፊት ግን ለዓመታት በማስታወሻ ደብተሮቻቸው ሲያሰናዱት ነበር። መጽሐፉ የታተመውም ተከልሶ በ1957 ነው።

ስለዚህ በሁለቱ ጎራዎች መካከል ያለው ልዩነት ዕቅድ በማውጣትና ባለማውጣት ላይ ብቻ አይደለም። አንዱ ሥራውን አስቀድሞ በንድፍ ይሠራዋል። ሌላው በኋላ በክለሳ፣ ሦስተኛው ደግሞ በዓመታት ልምምድ በራሱ ውስጥ ያስቀምጠዋል። «አስቀድሞ ነበር መጥኖ መደቆስ» የሚለው አበው ብሂል ለፊልም ሠሪው በቀጥታ ይሠራል። ለልቦለድ ጸሐፊ ግን ድስቱ ከተጣደ በኋላም መመጠን ይቻላል፤ የሚፈለገው ረቂቁ በእጁ መቆየቱና መልሶ ለማየት ጊዜ ማግኘቱ ነው።

አደጋው የሚመጣው ሦስቱም ሲጎድሉ ነው። ንድፍ ያላወጣ፣ ለክለሳ ጊዜ የሌለው፣ በልምምድም ያልበሰለ ጸሐፊ ድንገተኛ ስሜት ብቻውን አያደርሰውም። በአዲስ አበባም ሆነ በካምፓላ ከዕለት ሥራው በተረፈችው ሰዓት የሚጽፍ ወጣት፣ ከየትኛው ጎራ እንደሆነ ከመጠየቁ በፊት ስህተቱን ለማረም አቅም የሚኖረው መቼ እንደሆነ ቢጠይቅ ይጠቅመዋል። በኋላ የማረም ዕድል ካለው ብዕሩን ዛሬውኑ ማንሳት ይችላል። ከሌለው ግን ጥቂት ቀናትን ለንድፍ ማዋሉ በኋላ ወራትን ያድንለታል።