ዝናቡ ካባራ በኋላ ውድድሩ ለምን አይጀመርም?

በአሜሪካ፣ ሁለት መኪኖች አጭርና ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ጎን ለጎን በሚፋጠኑበት የድራግ ውድድር ላይ ካፊያ ጣል ሲያደርግ ሁሉም ነገር ይቆማል። ተመልካቹ ገንዘቡን ከፍሎ፣ ከሩቅ መጥቶ የተቀመጠ ነውና ቢያጉረመርም አይፈረድበትም። አዘጋጆቹን የሚወቅስበት ምክንያት ግን ብዙ ጊዜ ስህተት ነው።

ተረት፦ ፎርሙላ ዋን በዝናብ ይነዳል፤ ድራግም የዝናብ ጎማ ቢገጠምለት ይችላል።

እውነታ፦ የፎርሙላ ዋን የዝናብ ጎማ ውሃውን በጥርሶቹ እየገፋ ያስወጣል። ቶፕ ፊውል የሚባለው ፈጣኑ የድራግ መኪና የኋላ ጎማ ግን ልሙጥ ነው፤ የአየር ግፊቱም 7 ፒኤስአይ ገደማ ብቻ ስለሆነ ሲነሳ ተጨማዶ መሬቱን ይጨብጣል። በዚህ ጎማ ከ11,000 የሚበልጥ የፈረስ ጉልበት ያልፋል። መኪናው 305 ሜትሩን በ4 ሰከንድ ውስጥ ጨርሶ በሰዓት ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ሲበር፣ ማቆሙም ሌላ ጣጣ ነው። ፓራሹቱ ቢከፈትም ፍሬኑ ደረቅ መሬት ይፈልጋል።

ተረት፦ ፀሐይ ወጥታለች፤ እንግዲህ ይጀመር።

እውነታ፦ ብዙውን ሰው የሚያሳስተው ይህ ነው። መኪናው የሚሮጠው በባዶ አስፋልት ላይ አይደለም። መሬቱ ላይ የሚያጣብቅ ኬሚካል ተረጭቷል፣ በላዩም የጎማ ንጣፍ ተጋግሮበታል፤ በእግሩ የሚሄድበትን ሰው ጫማ እስከ መያዝ ይደርሳል። ዝናቡ ከዚህ ንጣፍ ሥር ከገባ ንጣፉ እየተላጠ ይነሳል። ስለዚህ በጄት ሞተር ሙቅ አየር እየነፉ ያደርቁታል፣ የተላጠውን ይፍቃሉ፣ እንደገና ይረጫሉ፣ ጎማ በትራክተር ይጎትቱበታል። ውሃ የሚደበቅበትን የኮንክሪት መጋጠሚያ ጎንበስ ብለው በእጃቸው ይዳስሳሉ። አንዱ መስመር ደርቆ ሌላው ቢረጥብ ደግሞ ውድድሩ ፍትሐዊ አይሆንም። ይህ ሁሉ ሰዓታት ይፈጃል። አመሻሹ ላይ መሬቱ ከቀዘቀዘ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ እንኳ ጤዛ ይይዛል፤ ያኔ ልፋቱ ከንቱ ይቀራል።

ተረት፦ መኪኖቹ ራሳቸው ከመነሳታቸው በፊት ውሃ ላይ ጎማ ያሽከረክሩ የለም እንዴ?

እውነታ፦ ያሽከረክራሉ፤ ውሃው የሚፈሰው ግን ከመነሻው መስመር ኋላ ነው። ጎማው በቀላሉ እንዲሽከረከር ይረዳል፤ ከዚያ ጢሱ እስኪወጣ ሲግል ጎማው ይጸዳል፣ ይደርቃልም። ጥርስ ባለው ተራ ጎማ የሚወዳደር ሰው ግን ውሃውን ዞሮ እንዲያልፍ ይነገረዋል። በጎማው ጥርስ መሃል ይዞት የሚመጣው ውሃ መነሻው ላይ ከተንጠባጠበ ቀጥሎ የሚነሳውን ያንሸራትታል።

ዝናብ ባይኖርም ብርድ የንጣፉን ማጣበቅ ይቀንሳል፤ ኃይለኛ የጎን ነፋስም መኪናን ከመስመሩ ያስወጣል። መብረቅ ሲመጣ ጉዳዩ የተመልካቹ ሕይወት ነው፤ ነጎድጓዱ ከቆመ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይጠብቅ ወደ ብረት መቀመጫ መመለስ የለበትም።

ተረት፦ ተላለፈ ማለት ተሰረዘ ማለት ነው።

እውነታ፦ አይደለም። የተሠራው የማጣሪያ ውጤት ተይዞ በማግስቱ ወይም በሌላ ቀን ካቆመበት ሊቀጥል ይችላል። የቲኬቱ ነገር እንደ አዘጋጁ ስለሚለያይ ከመግዛት በፊት ደንቡን ማንበብ ይበጃል።

እኔን የሚያሳስበኝ የዘገየ ውሳኔ ነው። ትንበያው ቁርጥ ሆኖ ሳለ ሰውን እስከ ሌሊት ማስጠበቅ ደግነት አይደለም። ከተወዳዳሪዎቹ ብዙዎቹ ሰኞ ጠዋት ሥራ የሚገቡ ሰዎች ናቸው፤ ውሳኔው በጠዋት ቢነገራቸው መኪናቸውን ጭነው በቀን ብርሃን ቤታቸው ይገባሉ።