ሞተሩ እየሠራ መኪናው ለምን ይቆማል? የአሮጌ ላንድሮቨር የኋላ ዘንግ ስብራት

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው አውራ ጎዳና ከውጫሌ ቁልቁል ወርዶ ውርጌሳ ይደርሳል፤ ከዚያም በመርሳ አልፎ ይዘልቃል። አስፋልቱን ለቅቆ ወደ ሐብሩ ገጠር የሚገባ መኪና ግን የሚጠብቀው አቀበት፣ ጠጠርና የወንዝ አሸዋ ነው። እንዲህ ባለው መንገድ ጭነት የያዘ አሮጌ ላንድሮቨር ድንገት «ጧ» የሚል ድምፅ አሰምቶ ሊቆም ይችላል። ሞተሩ ይሠራል፣ ማርሹ ይገባል፣ መኪናው ግን አይንቀሳቀስም። የዚህን ብልሽት መንስኤ፣ መለያና ጥገና ከዚህ በታች እንመለከታለን።

ኃይሉ የት ይጠፋል?

ከ1948 እስከ 1985 እ.ኤ.አ. ከተሠሩት የቀድሞዎቹ ላንድሮቨሮች አብዛኞቹ በተለመደው ጉዞ የሚገፉት በኋላ ጎማዎቻቸው ብቻ ነው። ኃይሉ ከካምቢዮ በረዥሙ ተሽከርካሪ ዘንግ በኩል ወደ ዲፍረንሻል ይደርሳል። በዚያ ፒኞን የተባለው ትንሽ ጥርስ ኮሮና የተባለውን ትልቅ ጥርስ ያዞራል። ረዥሙ ዘንግ 47 ጊዜ ሲዞር ጎማዎቹ 10 ጊዜ ይዞራሉ፤ ፍጥነቱ በቀነሰ መጠን የማዞር ኃይሉ ይጨምራል።

ዲፍረንሻል የማዞር ኃይሉን ለግራና ለቀኝ የጎማ ዘንጎች እኩል ያካፍላል። በመሆኑም በመታጠፊያ ላይ የውጪው ጎማ ከውስጠኛው ፈጥኖ ሊዞር ይችላል። ነገር ግን አንዱ ዘንግ ቢሰበር ያ ወገን ምንም አይቋቋምም፤ የእርሱ ድርሻ ወደ ዜሮ ሲወርድ የሌላውም አብሮ ይወርዳል።

ለምን ይሰበራል?

በአሸዋ ላይ በከንቱ ይሽከረከር የነበረ ጎማ ድንገት ድንጋይ ሲይዝ ዘንጉ በኃይል ይጠመዘዛል። ይህ ሲደጋገም ጥቃቅን ስንጥቅ ተፈጥሮ እያደገ ይሄዳል። በክፍል ውስጥ ጠመኔን ጠምዝዘን ብንሰብር ስብራቱ በ45 ዲግሪ ያህል ተጣምሞ እናየዋለን፤ ተሰባሪ ቁስ በመጠምዘዝ ሲሰበር መልኩ ይህ ነው። የዘንግ ጥንካሬ ከውፍረቱ ሦስተኛ ርቢ ጋር ስለሚያድግ፣ ውፍረቱ በ10 በመቶ ቢጨምር ጥንካሬው በ33 በመቶ ገደማ ይጨምራል።

ምርመራ

ከሁሉ በፊት ጎማዎቹን በድንጋይ እናስደግፍ። የእነዚህ መኪናዎች የእጅ ፍሬን የሚይዘው ጎማውን ሳይሆን ከካምቢዮው ኋላ ያለውን ዘንግ ነው። ስለዚህ የጎማ ዘንግ ሲሰበር የእጅ ፍሬኑም አብሮ ይከዳል፤ መኪናው በአቀበት ላይ ቢሆን ሰው ሊገድል ይችላል።

ቀጥሎ ሜዳ ላይ ሞተሩን አጥፍተን፣ የፊት ጎማዎችን አስደግፈን፣ ሁለቱንም የኋላ ጎማዎች በክሪክ አንሥተን በጽኑ መቆሚያ እናሳርፍ። ማርሽ አስገብተን አንዱን ጎማ በእጅ ስናዞር ሌላው በተቃራኒው ከዞረ ዘንጎቹ ደኅና ናቸው። ሌላው ካልተንቀሳቀሰ አንዱ ተሰብሯል። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ግን ሲወጡ ነው። የመፋጨት ድምፅ ካለና በዘይቱ ውስጥ የብረት ስባሪ ከተገኘ የኮሮናና የፒኞን ጥርሶች መመርመር አለባቸው።

ጥገና

የጎማውን ክብደት የሚሸከመው ዘንጉ ሳይሆን ውጫዊው ቤት ስለሆነ፣ ጎማው ሳይወልቅ 6 ቡሎኖች ተፈትተው ዘንጉ ይሳባል። በውስጥ የቀረው ስባሪ የግድ መውጣት አለበት፤ ጥርስ ውስጥ ከገባ ዲፍረንሻሉን ያወድማል። ስባሪውን መበየድ አይገባም፤ ሙቀቱ ብረቱ በፋብሪካ ያገኘውን ጥንካሬ ያጠፋዋል። አዲስ ዘንግ ሲገባ ዘይቱም ይለወጣል።

መለዋወጫው እስኪገኝ ድረስ ሁለቱን የኋላ ዘንጎች አውጥቶ፣ ክፍት የቀረውን በንጹሕ ነገር ሸፍኖ፣ የፊት ጎማዎችን ኃይል በማስገባት ቀስ ብሎ እስከ ጋራዥ መድረስ ይቻላል። በዚህ ጊዜም ጭነቱ ይራገፍ፤ የፊቱ ዘንግ ብቻውን ሁሉንም ሥራ ተሸክሟልና።