ዘካ መነሻ ካፒታል ሲሆን



ረመዷን ሲቃረብ ዘካችንን እናሰላለን፤ ለብዙ ሰው ከተዳረሰም ደስ ይለናል። 50 ሺህ ብር ዘካ የወጣበት ነጋዴ ለ50 ሰው አንድ አንድ ሺህ ያካፍላል እንበል። ሃምሳዎቹ ቤተሰቦች ጥቂት ቀን ይበሉበታል፤ በዓመቱ ያው ሃምሳው ሰው ያንኑ በር ያንኳኳል። ዘካው ወጥቷል፣ ግዴታውም ተነስቷል። ነገር ግን ፉቀሃዎቻችን «ለአንድ ድሃ የሚሰጠው ስንት ነው?» የሚለውን ጥያቄ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት አንስተው በሰፊው ተነጋግረውበታል።

በ676 ሂጅሪያ ወደ አኺራ የሄዱት ኢማም ነወዊ (ረሂመሁላህ) «አል-መጅሙዕ» በተሰኘው ኪታባቸው የሻፊዒያን አቋም ሲያስቀምጡ፣ ድሃው ከችግር ወጥቶ ራሱን የሚችልበት ያህል ይሰጠዋል ይላሉ። የእጅ ሙያ ያለው መሳሪያውን የሚገዛበት፣ ነጋዴ የነበረው ደግሞ የንግዱ መነሻ ይሰጠዋል። መጠኑ እንደ ሙያው ይለያያል፤ ቅጠላ ቅጠል ለሚሸጥ አምስት ወይም አስር ዲርሃም ሊበቃ ይችላል፤ ሙያው የከበረ ድንጋይ መነገድ ለሆነ ሰው ግን እስከ አስር ሺህ ዲርሃም ያነሳሉ። «ለጌጥ ነጋዴ ምን ዘካ ያሻዋል?» የሚል ይኖራል። ሆኖም መለኪያው ሰውየውን በራሱ እጅ እንዲበላ የሚያደርገው ምንድን ነው የሚለው ነው። ማሊኪያዎች የአንድ ዓመት ወጪን መለኪያ ያደርጋሉ። ሐነፊያዎች ደግሞ ዕዳ ወይም ቤተሰብ ለሌለበት አንድ ሰው ኒሳብ የሞላ ገንዘብ መስጠትን ይጠላሉ። ኺላፉ ሰፊ ነው፤ ማንም ግን ሳንቲም መበተንን ግብ አላደረገም።

አቡ ዳውድ የዘገቡት የአንሷሩ ሰውዬ ታሪክ በብዙዎቻችን ዘንድ የታወቀ ነው፤ በሰነዱ ላይ የሐዲስ ሊቃውንት ንግግር እንዳላቸው ግን መጥቀስ ይገባል። ሊለምን ለመጣው ሰው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የቤቱን ምንጣፍና መጠጫ ዕቃ በሁለት ዲርሃም ሸጡለት። በአንዱ ዲርሃም ለቤተሰቡ ምግብ፣ በሌላው የመጥረቢያ ብረት እንዲገዛ አዘዙት፤ እጀታውንም በእጃቸው አበጁለት። እንጨት እየለቀመ እንዲሸጥና 15 ቀን እንዳያዩት ነገሩት። ሲመለስ 10 ዲርሃም ይዞ ነበር። መምህር ሳለሁ ይህን ታሪክ ሳስተምር ተማሪዎቼ ዘወትር የሚያስታውሱት መጥረቢያውን ነው። እኔ ግን ምግቡ መቅደሙና ተመልሶ የሚታይበት ቀን መቆረጡ ይበልጥ ይገርመኛል።

የዛሬ ጥናቶችም ወደዚሁ ያመለክታሉ። የባንግላዴሹ ብራክ ብድር ለድሃ ድሃው እንደማይደርስ ስላየ በ2002 እ.ኤ.አ. ሌላ መንገድ ጀመረ። ላም ወይም ፍየል ይሰጣል፤ ከብቱ ገቢ እስኪያመጣ የቀለብ ድጎማ፣ ስልጠና፣ ቁጠባና የየሳምንት ጉብኝት ይጨመርበታል። ይኸው አሰራር ኢትዮጵያን ጨምሮ በስድስት አገሮች፣ ከ10 ሺህ በላይ ቤተሰቦችን ባካተተ ጥናት ተፈትሾ ውጤቱ በ2015 እ.ኤ.አ. ታተመ። ድጋፉ ካበቃ ከዓመት በኋላም የቤተሰቦቹ ኑሮ በጥቅሉ ተሽሎ ተገኝቷል። በሆንዱራስ ግን ብዙዎቹ ዶሮ መርጠው ነበር፤ አብዛኞቹ ዶሮዎች በበሽታ አለቁ፣ ለውጡም አልዘለቀም። ከብት ገዝቶ አስረክቦ ፎቶ ተነስቶ የሚሄድ ኮሚቴ ይህን ቢያስብበት ጥሩ ነው። መስፋት ለማትችል እህት የልብስ ስፌት መኪና መስጠትም ያው ነው፤ ከአረብ ሀገር ለተመለሱ እህቶቻችን ሲታሰብ መጀመሪያ ምን መስራት እንደሚችሉ መጠየቅ ይቀድማል።

በፓኪስታን ደግሞ በ2001 እ.ኤ.አ. በዶክተር አምጀድ ሳቂብ የተመሰረተው አኹወት አለ። ስሙ «ወንድማማችነት» ማለት ነው፤ መነሻውም የሙሃጂሮችና የአንሷሮች ሙአኻት ነው። ያለ ወለድ ያበድራል (ቀርዱል ሐሰን)፤ ብዙውን ጊዜ ገንዘቡን የሚያስረክበው መስጂድ ውስጥ ነው። ተበዳሪው የመለሰው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ሪባን ፈርቶ ከአበዳሪ ተቋማት ለራቀ ሙስሊም ይህ ትልቅ በር ነው፤ በሀገራችን እንደ ዘምዘምና ሂጅራ ያሉ ከወለድ ነፃ ባንኮች ስራ የጀመሩት በ2021 እ.ኤ.አ. ነው።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። ብዙሃኑ ዑለማ ለድሃ የሚሰጥ ዘካ የድሃው ንብረት መሆን አለበት ይላሉ፤ ይህም ተምሊክ ይባላል። ስለዚህ ዘካን ለድሃው አበድሮ «መልስ» ማለት አከራካሪ ነው። የባለዕዳዎችን ድርሻ መነሻ አድርገው የፈቀዱ የዘመናችን ዑለማዎች ቢኖሩም፣ ለብድር ሰደቃንና ወቅፍን መጠቀም ከኺላፉ ያወጣል። በዘካ የተገዛች ላምም ለተቀባዩዋ በስሟ መሰጠት አለባት እንጂ «የኮሚቴው ናት፣ አንቺ አልቢያት» ሊባል አይገባም። ነገሩን ከአካባቢው ዓሊም ጋር ተማክሮ መጀመር ከኋላ ጭቅጭቅ ያድናል።

ሁሉም ሰው መጥረቢያ አይሰጠውም። ጉልበታቸው የደከመ አዛውንት፣ የአልጋ ቁራኛ የሆነ ታማሚ፣ የሙት ልጆች ወር በወር የሚደርሳቸው ቀለብ ያስፈልጋቸዋል። ዘካውን ለሁለት ከፍሎ፣ አንዱን ለእነዚህ፣ ሌላውን በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ቤተሰብ ለማቋቋም ማዋል ለአንድ መስጂድ ጀመዓ የሚቻል ነው። ከብት የሚያውቅ፣ ንግድ የሚያውቅ ሰው ከጀመዓው አይጠፋም፤ በየሳምንቱ እየሄደ የሚጠይቃቸው እሱ ይሁን።