የነፍሰ ጡሯ እረፍት በመመሪያ አለ፤ በመዝገብም ይስፈር

ሐዋሳ፡- የታቦር ተራራን ስም በያዘው ክፍለ ከተማ የሚኖር አንድ ቤተሰብ እናስብ። ባል የቀን ሠራተኛ ነው። ሚስት በከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ታቅፋ በአካባቢ ጽዳት ትሠራለች። እህቷ ደግሞ በገጠር ቀበሌ እንሰትና በቆሎ የሚያመርት አርሶ አደር አግብታ በተፋሰስ ሥራ ትሳተፋለች። ሁለቱም እርጉዝ ናቸው። በሁለቱም ቤት የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ ሴቲቱ ሥራ ስታቆም ቤቱ በባል ገቢ ብቻ እንዴት ይዘልቃል?

በደመወዝ ለምትሠራ እናት ሕጉ ግልጽ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ቀን ከክፍያ ጋር ፈቃድ ይሰጣታል፤ ለአባትም 3 ቀን ፈቅዷል። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ይህ ድንጋጌ ልጁን ለሥራ ወደ ከተማ የላከውን አርሶ አደርም ይመለከታል።

አርሶ አደሯ ግን ፈቃድ የሚሰጣት አሠሪ የላትም። ለእርሷ ከወሊድ ፈቃድ ጋር የሚቀራረበው በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ነው። በፕሮግራሙ አራተኛ ምዕራፍ መመሪያ፣ ነፍሰ ጡር ተጠቃሚ ከአራተኛ ወሯ ጀምሮ ልጇ አንድ ዓመት እስኪሞላው ድረስ ከማህበረሰብ ሥራ ወጥታ ወደ ጊዜያዊ ቀጥታ ድጋፍ ትዛወር ነበር። እርከን ባትሠራም ክፍያዋ አይቋረጥም። በምትኩ የእርግዝና ክትትል እንድታደርግና በሥነ ምግብ ትምህርት እንድትገኝ ይጠበቅባታል። ሐዋሳን ጨምሮ በ11 ከተሞች በ2009 ዓ.ም. የተጀመረው የከተማው ፕሮግራምም ነፍሰ ጡርን ከጉልበት ሥራ የሚያሳርፍ አሠራር አለው።

ችግር የሚፈጠረው እርግዝናው ሳይነገር ሲቆይ ነው። ብዙ እናቶች ሆዳቸው እስኪገፋ ድረስ ስለ እርግዝናቸው አያወሩም። የተፋሰስ ሥራ ደግሞ የሚበረታው ከጥር ጀምሮ ነው። በመስከረም የፀነሰች እናት በጥር አራት ወር ይሞላታል። ዝም ካለች ድንጋይ የምትሸከመው ማረፍ በሚገባት ጊዜ ነው። ሳትናገር ከቀረችም በመቆጣጠሪያው ላይ ቀሪ ተብላ ክፍያዋ ሊቀነስ ይችላል። የምትወልደው በሰኔ፣ ጎተራው በሚጎድልበት ወቅት በመሆኑ የዚያ ገንዘብ መጉደል ለቤቱ ከባድ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ የወር አበባ እንደቀረ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መንገር ነው። ቀጣዩ ኃላፊነት የቀበሌና የወረዳ አመራሩ ነው። የጤና ባለሙያዋ ያረጋገጠችው የነፍሰ ጡሮች ዝርዝር የወሩ ክፍያ ከመዘጋቱ በፊት ከሥራ መቆጣጠሪያው ጋር ሊመሳከር ይገባል። ይህ አዲስ በጀት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የልማት ሠራተኛውና የጤና ባለሙያዋ በየወሩ አንድ ጊዜ ተቀምጠው መነጋገራቸውን ነው። እናቲቱም እረፍቷ እስከ መቼ እንደሆነ አሁን በሥራ ላይ ያለውን መመሪያ ከወረዳው ጠይቃ ማወቅ አለባት።

ቤተሰቡም የሚሠራው አለ። የእርግዝና ክትትልና የወሊድ አገልግሎት በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ይሰጣል። ቤቷ ከጤና ጣቢያ የራቀ እናት የእናቶች ማቆያ ባለበት ቀድማ ገብታ ምጧን መጠበቅ ትችላለች። ለትራንስፖርት፣ ለአራስ ቤት ምግብና እርሻው ለሚፈልገው ተጨማሪ ጉልበት የሚወጣው ወጪ ግን ከቤት ነው። እቁብ ያለባት እናት እጣዋ በወሊዷ ወር እንዲደርሳት ከአባላቱ ጋር ቀድማ መስማማት ትችላለች።

እንሰት መፋቅ በሲዳማ የሴቶች ሥራ ነው፤ ጉልበትም ይጨርሳል። ጎረቤቶች ተጋግዘው አስቀድመው ከፋቁላት፣ በጉድጓድ የተቀበረው ቆጮ ለወራት ስለሚቆይ በአራስነቷ ቤቱ የሚበላው አያጣም። ውኃ መቅዳቱንና እንጨት መሸከሙን ደግሞ ባል ከወዲሁ ሊረከባት ይገባል።

የዘንድሮው የተፋሰስ ሥራ ስም ዝርዝር ሲዘጋጅ እያንዳንዱ ቀበሌ አንድ ጥያቄ ያስቀድም፤ ከእነዚህ ሴቶች መካከል ነፍሰ ጡር የሆነችው ማን ናት?