ሁለት ጠመንጃዎች ያወረሰው ሻምበል

ሰው ለልጅ ልጁ የሚያወርሰው ብዙ ዓይነት ነው። አንዱ መሬት፣ አንዱ ገንዘብ፣ ሌላውም ስም ብቻ አውርሶ ያልፋል። ከእነዚህ ሁሉ ለወራሹ የሚከብደው ስም ነው። መሬት ቢያርሱት ያበላል፤ ገንዘብም ቢቈጥቡት ይበረክታል፤ የአያት ስም ግን በሥራ ካልታደሰ መፎከሪያ ብቻ ሆኖ ይቀራል። አሜሪካዊው ሻምበል ጆን ፓርከር ከስሙ ጋር ሁለት ጠመንጃዎችን ለቤተ ሰቡ ትቶ ነበር። ወራሾቹ በዚህ ስም ምን እንደ ሠሩበት ማወቅ ለተማሪም ሆነ ለወጣት ሹም ይጠቅማል።

ጆን ፓርከር በ1729 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ከቦስተን ከተማ አጠገብ ባለችው በሌክሲንግተን መንደር ተወለደ። በዚያን ጊዜ ማሳቹሴትስ በእንግሊዝ ንጉሥ ሥር የምትተዳደር ቅኝ አገር ነበረች። ፓርከር ኑሮው እርሻ ነበር፤ ከዚያም ጋር የጋሪ መንኰራኵር ይሠራ ነበር። በ1755 ዓ.ም. ሊዲያ ሙር የተባለች ሴት አግብቶ 7 ልጆች ወለደ። እንግሊዞችና ፈረንሳዮች ስለ ሰሜን አሜሪካ ግዛት በተዋጉ ጊዜም ዘምቶ እንደ ነበር ይነገራል።

በአገሩ ሕግ መሠረት ከ16 እስከ 60 ዓመት ያለው ወንድ በሚሊሺያ፣ ማለት በመንደር ጦር፣ ተመዝግቦ መሣሪያውን ይዞ ይሠለጥን ነበር። ይህ ጦር ደመወዝተኛ ወታደር አልነበረም፤ ገበሬው፣ አንጥረኛውና ነጋዴው ነበር። የሌክሲንግተን ሰዎች ፓርከርን ሻምበላቸው አድርገው የመረጡት ራሳቸው ናቸው። ስለዚህ የሚያዛቸው ሰዎች ጎረቤቶቹና ዘመዶቹ ነበሩ።

የእንግሊዝ ፓርላማ የቅኝ አገሮቹ ሕዝብ ባልተወከለበት ሸንጎ ግብር በመጣሉ ጠቡ ከዓመት ወደ ዓመት እየከረረ ሄደ። በ1775 ዓ.ም. ሚያዝያ 18 ቀን ማታ 700 ያህል የእንግሊዝ ወታደሮች በኮንኮርድ የተከማቸውን የጦር መሣሪያ ለማጥፋት ከቦስተን ተነሡ። መንገዳቸው በሌክሲንግተን ያልፍ ነበርና ፈረሰኞች መልእክተኞች እኩለ ሌሊት ገደማ ደርሰው መንደሩን ቀሰቀሱ። ፓርከርም ሰዎቹን ሰበሰበ። ጠላት ሳይታይ ቢቀር ከአጠገቡ እንዳይርቁ አዝዞ አሰናበታቸው። ጎሕ ሲቀድ ከበሮ ተመታ፤ 77 ያህል ሰዎችም በመንደሩ ሜዳ ላይ ተሰለፉ። በፊታቸው የመጣው ግንባር ቀደም ጦር በቍጥር እጅግ ይበልጣቸው ነበር።

በዚያ ሜዳ ላይ ባለ ድንጋይ ተቀርጾ የሚነበበው የሻምበሉ ቃል፣ ሰዎቹ ከቦታቸው እንዳይነቃነቁ ያዘዘበት የጀግና ቃል ነው። ይህ ቃል ግን በጽሑፍ የሰፈረው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ፓርከር ራሱ ውጊያው በሆነ በ6ኛው ቀን በመሐላ የሰጠው ምስክርነት ሌላ ነው፤ የጦሩን ብዛት ባየ ጊዜ ሰዎቹ እንዲበተኑና እንዳይተኵሱ አዝዞ እንደ ነበር ይናገራል። ይህ ስሙን አያሳንሰውም። የጎረቤቶቹ ነፍስ በእጁ ያለ አዛዥ፣ ትርፍ በሌለው ውጊያ ሰው ማስጨረስ ጀግንነት አለመሆኑን ማወቁን ያሳያል።

ነገር ግን ከየት እንደ ሆነ እስከ ዛሬ ያልታወቀ አንድ ተኵስ ተሰማ። ወታደሮቹም ከአዛዦቻቸው ቍጥጥር ወጥተው ተኰሱ። ከመንደሩ ሰዎች 8 ሞቱ፤ 10 ቈሰሉ። ከሞቱት አንዱ የሻምበሉ ዘመድ ጆናስ ፓርከር ነው። እርሱ ጥይቱን በባርኔጣው ውስጥ አድርጎ ከእግሩ አጠገብ አኑሮ ነበር። ቈስሎ ከወደቀ በኋላ እንደ ገና ሊያጐርስ ሲታገል በሳንጃ ተወግቶ ሞተ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ እንግሊዞቹ ከኮንኮርድ ሲመለሱ፣ ፓርከር የተረፉትን ሰዎቹን ይዞ በመንደሩ ወሰን ባለ ድንጋያማ ኮረብታ ላይ ጠበቃቸውና ተኰሰባቸው። ከቈሰሉትም አንዳንዶቹ ቍስላቸውን አስረው አብረውት ነበሩ ይባላል። በእጁ ከነበሩት ከሁለቱ ጠመንጃዎች አንደኛው የራሱ ነው፤ ሁለተኛው በዚያ ቀን ከእንግሊዝ ወታደር የተማረከ ነው። ሻምበሉ ግን የሳንባ ነቀርሳ በሽተኛ ነበርና አምስት ወር እንኳ ሳይቈይ መስከረም 17 ቀን በ46 ዓመቱ ሞተ። የተዋጋለትን ነጻነት አላየም። መልኩን የሚያሳይ አንድም ሥዕል አልተገኘም፤ በሜዳው ላይ በ1900 ዓ.ም. የቆመው ሐውልትም በግምት የተሠራ ነው።

በዚያ ጠዋት ከቈሰሉት 10 ሰዎች መካከል ፕሪንስ ኢስታብሩክ የተባለ ጥቁር ሰው ነበረ። ይህ ሰው ባሪያ ነበር። ስለ ነጻነት ደሙን ባፈሰሰበት ቀን ማታ፣ ጎረቤቶቹ ነጻ ሰዎች ሆነው ወደ ቤታቸው ሲገቡ እርሱ የገባው ወደ ጌታው ቤት ነው። ከዚያም በኋላ በጦርነቱ እየዘመተ አገለገለ፤ ነጻነቱንም ያገኘው ቈይቶ ነው። በደቡብ ያሉት ብዙዎች ግን በባርነት ቀሩ። ሻምበሉ ያወረሰው ነጻነት እንግዲህ ጎደሎ ነበር።

የጎደለውን ለመሙላት የተነሣው የልጁ ልጅ ቴዎዶር ፓርከር ነው። በ1810 ዓ.ም. በዚያው እርሻ ላይ ለ11 ልጆች የመጨረሻ ሆኖ ተወለደ። የ80 ዓመት ገደማ ባልቴት የሆነችው አያቱ ሊዲያ በቤታቸው ትኖር ነበር። አባቱ ድኻ ስለ ነበረ፣ ወደ ሃርቫርድ ለመግባት ፈተና ቢያልፍም የሚከፍለው አጥቶ በቤቱ ተማረ። በኋላ የሃይማኖት ትምህርት አጥንቶ በቦስተን ብዙ ሺህ ሕዝብ የሚሰማው ሰባኪ ሆነ። የአያቱን ሁለት ጠመንጃዎችም በጥናት ክፍሉ ሰቀላቸው።

በ1850 ዓ.ም. የኮበለለ ባሪያ ተይዞ ለጌታው እንዲመለስ የሚያዝ ሕግ ወጣ። በዚያው ዓመት ከጆርጂያ አምልጠው በቦስተን ይኖሩ የነበሩትን ዊልያምና ኤለን ክራፍትን የሚይዙ ሰዎች መጡ። ቴዎዶር ኤለንን በቤቱ ሸሸጋት፤ ስብከቱንም ሽጉጥ ከጠረጴዛው ላይ አኑሮ ይጽፍ ነበር። ወደ እንግሊዝ አገር ከመሄዳቸው በፊት ሥርዐተ ጋብቻቸውን ፈጸመላቸው፤ ለዊልያምም መጽሐፍ ቅዱስና ጩቤ ሰጠው። ስለ ሰው ዘሮች የነበረው አሳብ ከዘመኑ ጉድለት ንጹሕ አልነበረም፤ ሆኖም ለተሰደደው በሩን አልዘጋም። እርሱም እንደ አያቱ በሳንባ ነቀርሳ ታምሞ በ1860 ዓ.ም. በኢጣልያ አገር በፍሎሬንስ ሞተ፤ ባርነት ሲሻር አላየም።

ጠመንጃዎቹን በኑዛዜው ለማሳቹሴትስ መንግሥት ሰጠ። እስካሁንም በሴኔቱ አዳራሽ ተሰቅለዋል፤ ሕግ አውጪዎች በሥራቸው ተቀምጠው ይመክራሉ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ቴዎዶር ፓርከር የሻምበል የልጅ ልጅ ነኝ ብሎ ቢፎክር የሚከለክለው አልነበረም። እርሱ ግን አያቴ ምን ሠራ ብሎ ብቻ ሳይሆን ምን ሳይፈጽም ቀረ ብሎ ጠየቀ። የአባቶቻችንን ስም የምንጠራ ሁሉ ይህን ሁለተኛ ጥያቄ ለመጠየቅ ብንደፍር ውርሱ በእጃችን አይበላሽም።