አምቡላንስ ተጠርቶ የእሳት አደጋ መኪና ለምን ይመጣል?

ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ እናቱ ራሳቸውን ስተው የወደቁበት ሰው 911 ይደውላል። ብዙ ጊዜ ከአምቡላንሱ ቀድሞ ደጅ የሚቆመው የእሳት አደጋ መኪና ነው። ጎረቤት «ቤቱ ተቃጠለ እንዴ?» ብሎ ይወጣል።

ሲልቨር ስፕሪንግ በምትገኝበት በሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ካውንቲ እሳት ማጥፋትና ድንገተኛ ሕክምና የአንድ መሥሪያ ቤት ሥራ ናቸው። በመላ አሜሪካም ለእሳት አደጋ ሠራተኞች ከሚደርሱት ጥሪዎች ሁለት ሦስተኛው ገደማ የሕክምና ነው፤ የእሳቱ ድርሻ ከመቶ 5 እንኳ አይሞላም። አምቡላንሱ ሌላ በሽተኛ ሆስፒታል እያደረሰ ሊሆን ይችላል። ልቡ ቀጥ ያለ ሰው ደግሞ ደቂቃ አይታገሥም። ስለዚህ ቅርብ ያለው ይላካል፤ የእሳት መኪናውም ምቱ የተዛባ ልብ በኤሌክትሪክ የሚያስተካክል መሣሪያ፣ ብዙ ጊዜም ፓራሜዲክ (የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያ) ይዟል።

መኪናው ላይ አራት ሰው መኖሩ የሚመከረው ያለ ምክንያት አይደለም። በአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ደንብ መሠረት ሁለት ሰው ወደሚነድ ቤት ሲገባ ሌሎች ሁለት ደጅ ተዘጋጅተው መቆም አለባቸው። ሦስት ብቻ ከደረሱ፣ ውስጥ የሚድን ሰው መኖሩ ካልታወቀ በቀር፣ ረዳት እስኪመጣ ይጠብቃሉ፤ እሳቱ ግን አይጠብቅም። አንዱን ሰው ቀንሶ በጀት መቆጠብ ከቁጠባ ሁሉ የከፋ ነው እላለሁ።

የካውንቲው ተቀጣሪ እሳት አጥፊዎች በሦስት ፈረቃ 24 ሰዓት ሠርተው 48 ሰዓት ያርፋሉ። ጣቢያው መኝታና ማዕድ ቤት ያለው ለዚህ ነው። ምግባቸውን ከኪሳቸው አዋጥተው ገዝተው ያበስላሉ፤ ሱፐርማርኬት ሲሄዱም መኪናውን ይዘው አራቱም አብረው ነው፤ ጥሪ ቢመጣ ጋሪውን ትተው ከዚያው ይነሣሉ። ጭስ የጠገበ ልብስ ግን ወደ መኝታው አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2022 የእሳት አጥፊነትን ሙያ ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። በብዙ ጣቢያዎች የቆመው መኪና ጭስ ማውጫ ላይ ቱቦ የሚሰካውም ጋዙን ወደ ውጭ ለመሳብ ነው።

ከተቀጣሪዎቹ ጎን በጎ ፈቃደኞች አሉ። የሲልቨር ስፕሪንግ በጎ ፈቃደኞች ማኅበር ከ1915 ጀምሮ አለ። ደመወዝ አይከፈላቸውም፤ ሥልጠና ሳይወስዱ ግን እሳት ፊት አይቆሙም። በዚያ አካባቢ ካለነው ኢትዮጵያውያን ብዛት አንጻር የእኛ ልጆችም በእነዚህ ጣቢያዎች በርከት ብለው ባያቸው ደስ ይለኛል።

ወደ መሣሪያው ስንመለስ፣ ብዙ ሰው የሚስተው ውኃውን ነው። መኪናው የሚይዘው በአብዛኛው 1,900 ሊትር ያህል ነው፤ አንድ ቱቦ በደቂቃ 570 ሊትር ገደማ ሲረጭ ከሦስት ደቂቃ ብዙም አያልፍም። እንግዲህ ሁሉ ነገር የሚንጠለጠለው መንገድ ዳር በቆመው አጭር የውኃ መስጫ፣ በሃይድራንቱ ላይ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ከእሱ 15 ጫማ፣ ማለትም 4 ሜትር ተኩል ሳይርቁ መኪና ማቆም የተከለከለው ለዚህ ነው። በረዶ በከመረ ጊዜም ደጃፉ ሃይድራንት ያለበት ሰው ዙሪያውን አንድ ሜትር ያህል ቢጠርግለት፣ ቱቦ የሚቀጥለው ሠራተኛ በአካፋ ሲፈልገው ጊዜ አያባክንም።