መካኒኩ ሞተርህን ቢያቃጥልብህስ?

መኪና ሊታከም ገብቶ ታሞ ይወጣል እንዴ? ይወጣል እንጂ! በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል በቆሎ የሚያመላልስ አይሱዙ ያለው አንድ ወዳጄ አለኝ፡፡ ዘይት አስቀይሮ ከጋራዥ በወጣ በሰዓቱ ሞተሩ ተቃጥሎ ቀጥ አለበት፡፡ ለካስ የጋራዡ ረዳት የዘይት ማፍሰሻውን ቡለን ሳያጠብቀው ኖሯል፤ ዘይቱ አስፋልት ላይ ፈሶ አለቀ፡፡ ለሠርጉ ያጠራቀማት ብርም አብራ ልትፈስ ሆነ! የጋራዡ ባለቤት ደግሞ «ረዳቱን ጠይቀው» አለና አረፈው፡፡

ተው እንጂ ጋሼ! በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ አንቀጽ 2028፣ በጥፋቱ ሰው የጎዳ ይካስ ይላል፡፡ አንቀጽ 2031 ባለሙያ የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ያዛል፡፡ አንቀጽ 2130 ደግሞ ሠራተኛ በሥራው ላይ ላደረሰው ጉዳት አሠሪውን ኃላፊ ያደርጋል፡፡ ታዲያ ረዳቱ ብቻውን ምን ቤት ነው?

እናንተም እንዲህ ከገጠማችሁ እኔ የምመክራችሁ ይህንን ነው፡፡ የዘይት መብራት ሲበራ ወዲያው ቆማችሁ ሞተሩን አጥፉ፤ «ከተማ ልድረስ» ማለት ሞተር ይበላል፡፡ ሌላ መካኒክ አይቶ በጽሑፍ ሳያረጋግጥላችሁ ሞተሩን አታስፈቱ፡፡ ፎቶ አንሱ፣ ደረሰኝ ያዙ፡፡

ሽምግልናም መልካም ነው፡፡ ወዳጄማ ሽማግሌ ልኳል፤ ለሙሽራዋ ቤት ሳይሆን ለጋራዡ! ብቻ ስምምነቱ በወረቀት ይስፈር፣ ምስክር ይፈርምበት፡፡ ከውል ውጭ የሚጠየቅ ካሳ በአንቀጽ 2143 መሠረት በ2 ዓመት ይርጋ ይታገዳልና፣ «ዛሬ ነገ» የሚላችሁን ሰው ፈገግታ አትመኑ፤ ቀኑን ቁጠሩ!